የጎተንያማው ነጭ ቤት

አማርኛ ሙዚየምን «ቤተ መዘክር» ብሎ ሲሰይመው ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም አሥሮ ነው፤ አንደኛው ማንም የሚያውቀው ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው «ዘከረ»፣ ማለትም «አስታወሰ»፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው መዘክር ነው። በአብዛኞቹ የዓለም ሙዚየሞች የስሙ የመጀመሪያ ግማሽ ትርጉሙ ሳስቶ ቀርቷል፤ ሕንፃው ከመሠረቱ ለማሳያነት ታስቦ የተሠራ አዳራሽ ነውና ማንም አድሮበት፣ ማንም ታሞበት፣ ማንም ልጅ አሳድጎበት አያውቅም። ጥቂት ሙዚየሞች ግን ቃሉን እንደ ቃሉ ይፈጽሙታል፤ ሥዕሉ የተሰቀለበት ግድግዳ ቀድሞ የመኖሪያ ክፍል ግድግዳ ነበር፣ ጎብኚው የሚወጣበት ደረጃም የቤተ ሰብ እግር የለመደው ደረጃ ነበር፤ እንዲህ ባለው ስፍራ የታየውን ነገር ከታየበት ቤት ነጥሎ ማስታወስ አይቻልም። በቶኪዮ ከተማ፣ በሺናጋዋ ወረዳ፣ ከ1979 እስከ 2021 ለሕዝብ ክፍት የነበረው የሃራ የዘመናችን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ቤቱ የለም፤ ስለዚህም እርሱን ማስታወስ ቤቱን ያጣ መዘክር ምን እንደሚመስል መጠየቅ ጭምር ነው።

ቤቱ የቆመበት ኮረብታ ጎተንያማ ይባላል፤ ትርጉሙ «የቤተ መንግሥት ኮረብታ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከ1603 ጀምሮ እስከ 1868 ድረስ ጃፓንን በንጉሠ ነገሥቱ ስም ያስተዳደሩት የቶኩጋዋ ሾጉኖች፣ ማለትም የጦር አለቆች፣ ለጭልፊት አደን ሲወጡ ያርፉበት ከነበረው አዳራሽ ነው። ቦታው በኋላ በቼሪ አበባው ታወቀ፤ በእንጨት ላይ እየተቀረጸ በወረቀት ላይ በሚታተም ሥዕል ዝናው ዓለምን ያዳረሰው ሆኩሳይ የፉጂ ተራራን ገጽታዎች ባሳየበት ተከታታይ ሥራው ውስጥ አበባ ሊያይ ወደዚህ ኮረብታ የወጣውን ሕዝብ ከባሕሩና ከሩቁ ተራራ ጋር አብሮ ስሎታል። በ1853 የአሜሪካው የባሕር ኃይል አዛዥ ፔሪ በጦር መርከቦቹ ደርሶ የተዘጋችው አገር እንድትከፈት ሲጠይቅ፣ የሾጉኑ መንግሥት በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የመድፍ ምሽጎች ለመሥራት ተጣደፈና ለደሴቶቹ መሙያ የሚሆነውን አፈር ከዚሁ ኮረብታ አስቆፈረ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1863 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በኮረብታው ላይ እየተሠራ የነበረውን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ወጣት ሳሙራዮች በሌሊት አቃጠሉት፤ ከእነርሱ አንዱ በኋላ የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሂሮቡሚ ኢቶ ነበር። እንግዲህ ጎተንያማ የራሱን አፈር ለባሕር የሰጠ፣ የተጀመረበት ቤት ሳያልቅ የነደደበት ኮረብታ ነው፤ የነጩን ቤት ፍጻሜ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አሮጌ ታሪክ ሲሰማ ልቡ ቢከብደው አያስደንቅም።

በዚህ ኮረብታ ላይ ርስት የያዘው ሮኩሮ ሃራ (1842–1933) ጃፓን የባንክን ሥራ ከምዕራባውያን በተማረችበት ዘመን ከታወቁት ባንከኞች አንዱ ሲሆን፣ የአገሩን ጥንታዊ ሥዕሎችና ዕቃዎችም በብዛት ሰብስቧል። ወራሹ ኩኒዞ ሃራ በኢንዱስትሪና በትራንስፖርት ሥራ የገነነ ሰው ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን አየር መንገድ የቦርድ ሊቀ መንበር የሆነውም እርሱ ነው። ኩኒዞ በ1938 ለቤተ ሰቡ አዲስ መኖሪያ ሲያሠራ የመረጠው አርኪቴክት ጂን ዋታናቤን ነበር፤ ይህ ሰው ደግሞ ቆም ተብሎ ሊታሰብለት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም አንድ እጅ በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ ስንት የሥነ ሕንፃ ቋንቋ ሊናገር እንደሚችል በቶኪዮ ውስጥ እርሱን ያህል ያሳየ ጥቂት ነው። በ1932 በጊንዛ አደባባይ ማዕዘን ላይ የተጠናቀቀው ባለ ሰዓቱ የሃቶሪ መደብር፣ ዛሬ ዋኮ የሚባለው፣ በአውሮፓ ህዳሴ ዘመን አምሳል በድንጋይ የተለበጠ ነው፤ በ1937 ያለቀውና ዛሬ የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ዋና ሕንፃ የሆነው ደግሞ በአርማታ አካል ላይ የጃፓን ቤተ መንግሥት የሸክላ ክዳን የደፋ ነው፤ የሃራ ቤት ግን ዓምድም፣ ዘውድም፣ ጌጥም የሌለው፣ ነጭና ጠፍጣፋ፣ በመስኮቱ አግድም መስመር ብቻ የሚናገር ቪላ ነበር።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን የጎበኙት በ1931 ሲሆን፣ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ኅሩይ የሄዱባት ቶኪዮ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከወደመች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የዋኮ ሰዓት ገና ሥራ አልጀመረም፤ የሃራም ቤት ገና አልታሰበም። ብዙዎች ኢትዮጵያውያን ምሁራን በዚያ ዘመን በአድናቆት የተመለከቷት ጃፓን፣ ማለትም የራሷን ይዛ የሌላውን የተማረች አገር፣ በዋታናቤ ሦስት ሕንፃዎች ውስጥ ከነጥያቄዋ ትታያለች፤ ከሦስቱ ቋንቋዎች የትኛው የእርሷ እንደሆነ አርኪቴክቱ አልወሰነምና።

«ቪላ» በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር በራሱ ግቢ ውስጥ ለብቻው የቆመ የመኖሪያ ቤት ማለት ነው፤ ይህ ትርጉም ለሃራም ቤት በደንብ ይስማማል። «ሞደርኒስት» የሚለው ቃል ግን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። በሥነ ሕንፃ ታሪክ ሞደርኒዝም የሚባለው በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የተስፋፋ አስተሳሰብ ሲሆን፣ በጀርመን በ1919 በተመሠረተው የባውሃውስ ትምህርት ቤትና በመሰሎቹ አማካይነት፣ የቤት መልክ ከተለጠፈበት ጌጥ ሳይሆን ከአሠራሩ፣ ከብርሃኑና ከነዋሪው አካሄድ መውጣት አለበት ብሎ ያስተማረ ነው። ዋታናቤ ይህን ትምህርት ወስዶ ሳያደርቀው ተጠቀመበት። ቤቱ ሣጥን አልነበረም፤ በስተኋላው ያለውን የአትክልት ስፍራ በክንዱ እንዳቀፈ ሁሉ በቀስታ ይታጠፍ ነበር፤ የደረጃው ቤት ግማሽ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ በምድር ቤቱም ፀሐይ የሚሞቅበት በክብ መስኮት የተከበበ ትንሽ ክፍል ነበር። ከዚህ የተነሣ በቤቱ ውስጥ የሚሄድ ሰው መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያየው አይችልም፤ ኮሪደሩ ሲታጠፍ አትክልቱ በሌላ በኩል እንደገና ይገለጥለታል። የጦርነት ደመና በከበደበት፣ ጃፓን ከቻይና ጋር መዋጋት ከጀመረች ዓመት በሆናት ጊዜ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ቤት መሠራቱ ራሱ የሚያስገርም ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ቤቱን የድል አድራጊዎቹ ጠቅላይ መምሪያ ለራሱ አገልግሎት ወሰደው። በዚያው በ1938 ተጠናቅቆ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አጥር ፊት ለፊት የቆመው የዳይ-ኢቺ የሕይወት ኢንሹራንስ ሕንፃ፣ የመምሪያው አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር አገሪቱን ያስተዳደረበት ዋና ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ የዚህም ሕንፃ ዲዛይን የዋታናቤ ነበር። አንድ አርኪቴክት በአንድ ዓመት የጨረሳቸው ሁለት ሕንፃዎች፣ አንዱ የማዘዣ ቦታ፣ ሌላው የቤተ ሰብ ማደሪያ፣ በአንድ የባዕድ ሠራዊት እጅ መግባታቸው የዘመኑን ነገር ከብዙ ገጽ ይልቅ ያስረዳል። ሠራዊቱ ከለቀቀው በኋላ ቤቱ የፊሊፒንስ፣ ቀጥሎም በዚያን ጊዜ ሲሎን ትባል የነበረችው የስሪላንካ ኤምባሲ ሆኖ አገልግሎ፣ ከዚያ ለብዙ ዓመታት ባዶውን ቆየ። ሰው የማይኖርበት ቤት እንዴት እንደሚያረጅ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ባዶ ዘመን በቀላሉ አያልፈውም።

ቤቱን ከዚህ ያወጣው የኩኒዞ የልጅ ልጅ ቶሺዮ ሃራ ነው። በዴንማርክ፣ ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ባለችው በሁምለቤክ በ1958 የተከፈተው የሉዊዚያና ሙዚየም ለአሳቡ አርአያ እንደሆነው ራሱ ሲናገር ኖሯል፤ ሉዊዚያና አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪላ መግቢያው ሆኖ፣ ባሕሩና ዛፉ ከሥዕሉ ጋር አብረው የሚታዩበት ሙዚየም ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው የቪላው የመጀመሪያ ባለቤት በየተራ ካገባቸው ሉዊዝ የሚባል ስም ካላቸው ሦስት ሚስቶቹ ነው። ቶሺዮ በታኅሣሥ 1979 የአያቱን ቤት የዘመናችን ሥነ ጥበብ ሙዚየም አድርጎ ሲከፍት፣ በጃፓን የዘመናችንን ሥነ ጥበብ ብቻ ዓላማው ያደረገ ሙዚየም እንደ ብርቅ የሚቆጠር ነበር። ውሳኔው ድፍረት ነበረበት፤ ከዚያም በላይ ግን አሳቢነት ነበረበት፤ ክፍሎቹን አፍርሶ ወደ አንድ ሰፊ አዳራሽ አልለወጣቸውምና።

የጉብኝቱ ትዝታ የሚጀምረው ከሺናጋዋ ባቡር ጣቢያ ነው። ጎብኚው ከጣቢያው ግርግር ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል በእግሩ ሲሄድ መንገዱ እየጠበበ፣ ድምፁ እየራቀ፣ በመጨረሻም በአጥርና በዛፍ መካከል ወዳለው በር ይደርስ ነበር፤ ወደ አንድ ትልቅ ተቋም እየገባ ሳይሆን ወደ አንድ ዘመድ ቤት በቀጠሮ እየሄደ እንዳለ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ከዋናው በር ገብቶ ደግሞ አምስት ማሳያ ክፍሎች ብቻ ይጠብቁት ነበር። አምስት ጥቂት ነው፤ ትልልቆቹ የከተማው ሙዚየሞች ያንን በአንድ ፎቅ ይጨርሱታል፤ ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ክፍል ስፋቱ የሚለካው በሰው ድምፅ መድረስና አለመድረስ ስለሆነ፣ ሥዕሉና ተመልካቹ ሊሸሻሹ አይችሉም ነበር። በአዳራሽ ውስጥ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ የሚታይ ሥራ እዚህ ከሦስት እርምጃ ላይ ይታያል፤ ከሥዕሉ ጎን መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ውጭ ዛፍ አለ፣ ዛፉም በነፋስ ሲወዛወዝ ጥላው ወደ ወለሉ ይገባል። ብዙ የሙዚየም ባለሙያዎች የቀን ብርሃን ሥራን ይጎዳል፣ ዓይንንም ከሥራው ያርቃል ብለው መስኮትን ይደፍናሉ፤ ሥራን ከጉዳት የመጠበቁ ነገር እውነት ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ግን መስኮቱ ዓይንን የሚያርቅ ሳይሆን ዓይን አርፎ የሚመለስበት ስፍራ ነበር፤ ሰው በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል የሚያየውም እንዲሁ ነው፣ አንድ ጊዜ አትኩሮ ሳይሆን በየዕለቱ እያለፈ።

ቤቱ ሠዓሊዎቹንም አስተማረ ማለት ይቻላል። ኢንስታሌሽን የሚባለው የጥበብ ዓይነት፣ ማለትም ለአንድ ቦታ ታስቦ የሚሠራና ቦታውን ራሱን የሥራው አካል የሚያደርገው፣ በሃራ ቤት ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ማረፊያ ያገኘው ቤቱ ትንንሽ ማዕዘኖች ስለነበሩት ነው። በታወቁ የአውሮፓ ሥዕሎች ውስጥ ያሉትን ሰዎች መስሎ ራሱን ፎቶ በማንሣት የታወቀው ያሱማሳ ሞሪሙራ የቤቱን አንድ መጸዳጃ ክፍል እንዳለ ወደ ሥራ ለወጠው። ታትሱኦ ሚያጂማ ከ1 እስከ 9 እየቆጠሩ የሚበሩ የኤሌክትሮኒክ ቁጥሮችን ተከለ፤ በሚያጂማ ሥራዎች ውስጥ ዜሮ አይጻፍም፤ ዜሮ ሲደርስ መብራቱ ይጠፋና ጨለማ ይሆናል፣ ከዚያ ቁጥሩ እንደገና ይጀምራል። ዮሺቶሞ ናራ በ2004 ትርኢቱን ሲያቀርብ ከቤቱ ትንንሽ ክፍሎች አንዱን የሠዓሊ መሥሪያ አስመስሎ፣ በወረቀት፣ በእርሳስና በአሻንጉሊት ሞልቶ ትቶት ሄደ፤ ክፍሉም ቋሚ ሆኖ ቀረ። ዮሺሂሮ ሱዳ ደግሞ ከማግኖሊያ እንጨት እውነተኛ እስኪመስሉ ድረስ አሣሥቶ የሚቀርጻቸውን ዕፀዋት ሰው በማይጠብቅበት ቦታ የሚያኖር ሲሆን፣ በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ተክል የውኃ ቧንቧዎች ባሉበት ጠባብ ጥግ አበቀለ። ተክሏን ሳያያት የሄደ ጎብኚ ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል፤ ያያት ግን ቤቱ ገና በሕይወት አለ ብሎ ሳያምን አልወጣም።

ከቋሚዎቹ ሥራዎች ሁሉ ከቤቱ ዕጣ ጋር ይበልጥ የሚነጋገረው ግን የፈረንሳዊው የዣን-ፒየር ሬይኖ «ዜሮ ስፔስ» ነው። ሬይኖ በ1981 አንድ ክፍል ከወለሉ እስከ ጣሪያው በነጭ ሴራሚክ ሸፍኖ፣ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ስፌት ጥቁር መስመር አደረገው፤ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው የሚያየው ነጭና ጥቁር ፍርግርግ ብቻ ነው፣ ቀለም የለም፣ ዕቃ የለም፣ የሚያርፉበት ነገር የለም። ይህ ሠዓሊ ይህን አሳብ የጀመረው በገዛ መኖሪያው ነው። በፓሪስ አቅራቢያ በላ ሴል-ሳን-ክሉ ከ1969 ጀምሮ የሠራውን ቤቱን በነጭ ሴራሚክ እየለበጠ፣ መስኮቶቹን እየለወጠና እያጠበበ፣ እንደገናም እየከፈተ ከ20 ዓመት በላይ ደከመበት፤ በመጨረሻም በ1993 ቤቱን ራሱ አስፈረሰው፣ ፍርስራሹንም ለቀዶ ሕክምና በሚያገለግሉ ወደ 1000 በሚጠጉ የብረት መያዣዎች ውስጥ ሞልቶ በቦርዶ ከተማ በሚገኘው የዘመናችን ሥነ ጥበብ ሙዚየም አሳየው። ቤቱ ጠፋ፤ መዘክሩ በመያዣ ተሰፍሮ ቀረ። ስለ ሬይኖ ድርጊት ብዙ ተብሏል፤ ዋናው ነገር ግን ቤቱን ያፈረሰው የሠራው እጅ ራሱ መሆኑ ነው፤ የማፍረሱ ቀን የሥራው የመጨረሻ ቀን ነበር። የሃራ ቤት መጨረሻ እንዲህ አልነበረም፤ ዋታናቤ ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ ቤቱም ሥራውን ጨርሶ ሳይሆን በሥራው መካከል ነው የቆመው። ሁለቱን ፍርስራሾች አስተያይቶ የሚያስብ ሰው በነጩ ክፍል ውስጥ ቆሞ የነበረበትን ጊዜ ያለ ሐዘን ሊያስታውሰው አይችልም።

በ40 ዓመት ውስጥ ቤቱ ያስተናገዳቸው ትርኢቶች ብዙ ናቸው። የኦላፉር ኤልያሰን የብርሃንና የጥላ ሥራዎች በ2005 ቀርበዋል፤ የሳይ ትዎምብሊ የ50 ዓመት የወረቀት ሥራዎችም በ2015 ታይተዋል፤ የትዎምብሊ ጭረቶች፣ የተቻኮለ የሚመስለው ግን ያልተቻኮለው እጁ፣ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ሲታዩ የተቀረ የቤተ ሰብ ደብዳቤ ይመስሉ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ትዝታ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው የማይችለው የፈረንሳዊቷ የሶፊ ካል ሥራ ነው። ካል በ1984 በተሰጣት የትምህርት ድጋፍ ወደ ጃፓን ሄዳ፣ ከምትወደው ሰው ተለይታ 92 ቀን ቆየች፤ በጉዞዋ መጨረሻ ኒው ዴልሂ ላይ ሊቀበላት የተቀጠረው ሰው ግን ሳይመጣ ቀረ፤ በሆቴል ክፍሏ በስልክ የሰማችውም የመለያየት ቃል ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ይህን ታሪክ በሁለት ክፍል ሠርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየችው በሃራ ሙዚየም ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከዚያ ጉዞ የቀሩ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች እያንዳንዳቸው እስከ ሐዘኑ ቀን የቀረው ጊዜ ታትሞባቸው ተደረደሩ፤ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የራሷን ታሪክ ለሌሎች እየነገረች፣ «አንተስ ከሁሉ የበለጠ ያዘንክበት ቀን መቼ ነበር?» ብላ ጠይቃ የሰበሰበቻቸው መልሶች በጨርቅ ላይ በክር ተጠልፈው ከእርሷ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ተሰቀሉ። እርሷ ታሪኳን በደገመችው ቁጥር ጽሑፉ እያጠረ፣ የክሩም ቀለም ከጨርቁ ጋር እየተመሳሰለ ይሄዳል፣ እስከማይነበብ ድረስ። ይህ ሥራ ወደ ሙዚየሙ ስብስብ ገብቶ በ2019 እንደገና ሲታይ፣ ቤቱ የሚዘጋ መሆኑ አስቀድሞ ታውጆ ነበር፤ ስለዚህ ተመልካቹ እስከ ሐዘኑ የቀሩትን ቀኖች በፎቶግራፎቹ ላይ እያነበበ፣ የቆመበት ቤት የቀሩትን ቀኖችም ሳይወድ ይቆጥር ነበር።

በአትክልቱ በኩል አርኪቴክቱ አራታ ኢሶዛኪ በኋላ የጨመረው የመስተዋት ካፌ ነበር፤ በዚያም በጊዜው የሚታየውን ትርኢት መልክ ይዞ የሚጋገር ኬክ ይቀርብ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የቤት እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም የሚለውን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢ ትንሽ አይደለም። ጎብኚው ሻይ ይዞ ሲቀመጥ የሚያየው የቤቱን የታጠፈ ጀርባ ነው፤ ቅድም ከውስጥ ሆኖ አትክልቱን ካየባቸው መስኮቶች ውስጥ አሁን ሌሎች ሰዎች ወደ እርሱ ይመለከታሉ።

መዝጊያው በ2018 መገባደጃ ላይ ሲነገር የተሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር። ቤቱ 80 ዓመት አልፎታል፤ አካሉ አርጅቷል፤ ለመኖሪያ የተሠራ ደረጃና ጠባብ መተላለፊያ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው ወይም ለአረጋዊ አይመችም፤ ይህንን ለማስተካከል ደግሞ ቤቱን ቤት ያደረገውን ነገር መንካት ግድ ይሆናል። ይህ ምክንያት በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ላልቻለ ሰው የደረጃው ውበት መጽናኛ አይሆነውም። ሆኖም ምክንያትን መረዳት ጉዳትን ያሳንሳል ማለት አይደለም። ስለ ጃፓን ሕንፃዎች ሲነገር የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ እንደገና መሠራቱ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፣ በዚያ አገር ማፍረስ እንደ ሞት አይቆጠርም ለማለት ነው። ይህ አነጋገር እዚህ አይሠራም። በኢሴ አሮጌው መቅደስ ከመፍረሱ በፊት ከጎኑ አዲሱ በዚያው ልክ፣ በዚያው መጋጠሚያ፣ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቆማል፤ አናጺውም ከአባቱ የተማረውን በእጁ ይደግማል፤ የሚያልፈው እንጨቱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የ1938ቱ የአርማታ ቪላ ግን ማንም የሚደግመው የለም፤ የዚያ ዘመን የጃፓን ሞደርኒስት መኖሪያ ቤቶች ከቦምብ፣ ከመሬት ዋጋና ከጊዜ ተርፈው እጅግ ጥቂት ሆነው የቀሩ ነበሩና አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይጎድላሉ። በሃራ ሙዚየም ክፍሎች ውስጥ ካለፉት ሥራዎች ሁሉ የበለጠው ሥራ ራሱ ቤቱ ነበር ማለት ለዚህ ጽሑፍ ማጋነን አይደለም።

ሙዚየሙ እንደ ተቋም አልጠፋም። ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ በጉንማ አውራጃ፣ በሃሩና ተራራ ግርጌ በሺቡካዋ፣ በ1988 በኢሶዛኪ ዲዛይን የተሠራ ሁለተኛ ቤት ነበረው፤ ጥቁር ቀለም በተቀባ ሳንቃ የተለበጠ፣ ክዳኑ እንደ ፒራሚድ ሾጠጥ ያለ፣ በሣር ሜዳ መካከል የቆመ ውብ ሕንፃ ነው። በ2008 የተጨመረለት ክፍል የሮኩሮን ጥንታዊ ስብስብ ያሳያል፤ ከ2021 ጀምሮም ሁሉም ሥራ ወደዚያ ተጠቃልሏል፤ በቶኪዮው ቤት ቋሚ ከነበሩት ሥራዎችም፣ የናራን ክፍል ጨምሮ፣ በዚያ እንደገና የተተከሉ አሉ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሳይታሰብ ይገኝ የነበረ ክፍል በአዲስ ቦታ ሲሠራ ወረቀቱ፣ እርሳሱና አሻንጉሊቱ አብረው ይሄዳሉ እንጂ ኮሪደሩ አይሄድም፤ የድሮውን የሚያውቅ ሰው በበሩ ላይ ቆሞ ከኋላው ሊኖር የሚገባውን መታጠፊያ በእግሩ ይፈልጋል። የሰው ልጅ ቤትን የሚያስታውሰው በዓይኑ ብቻ አይደለምና፤ የመብራት ማብሪያውን በጨለማ የምታገኘው እጅ፣ የመጨረሻዋን የደረጃ መርገጫ የምታውቅ እግር የራሳቸው ትዝታ አላቸው።

የመጨረሻው ትርኢት ከመስከረም 2020 እስከ ጥር 11 ቀን 2021 ቆየ፤ አምስት ሠዓሊዎች የተሳተፉበት ሲሆን ርእሱም ስለ ጊዜ ማለፍ ነበር። ወረርሽኙ ዓለምን የዘጋበት ወቅት ስለነበር ጎብኚዎች በቀጠሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይገቡ ነበር፤ ስለዚህ ቤቱ በመጨረሻዎቹ ወራት ለጥቂት ሰዎች የተሠራ መሆኑን እንደገና አገኘው፤ ጸጥ ያለ፣ የእርምጃ ድምፅ የሚሰማበት፣ የክረምቱ ፀሐይ ዝቅ ብላ ወደ ውስጥ የምትገባበት። ከአምስቱ አንዱ ፎቶ አንሺው ቶኪሂሮ ሳቶ ነበር። ሳቶ የካሜራውን ዓይን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይተውና ራሱ ወደሚነሣው ቦታ ውስጥ ይገባል፤ በጨለማ ከሆነ ትንሽ መብራት፣ በቀን ከሆነ መስተዋት ይዞ እየዞረ፣ በየቆመበት ብርሃኑን ወደ ካሜራው ያበራል። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ሰውየው በፎቶው ላይ አይታይም፤ አንድ ቦታ ላይ ካሜራው እስኪይዘው ድረስ አልቆየምና፤ የሚታየው ባዶው ክፍል፣ ደረጃው፣ ዛፉ፣ በላያቸውም ላይ ቆሞባቸው የነበሩት ቦታዎች ሁሉ፣ ከወለል አንሥቶ እስከ ክንድ ቁመት፣ ነጥብ በነጥብ ሲያበሩ ነው።